ጄኔራል ኦርድ ዊንጌት፤ ሕይወቱና ሞቱ

ከፍቼ በሱሉልታ ሜዳ አቋርጦ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ብዙ ሠራዊት አይቷል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ በዚሁ በኩል ተመልሰው፣ በእንጦጦ ማርያም ጸሎት አድርሰው ወደ ዋና ከተማቸው ሲወርዱ፣ በሰልፉ ፊት በፈረስ ተቀምጦ ይሄድ የነበረው ቀጭን መኮንን እንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት ነበረ። ዕድሜው 38 ዓመት ነበረ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሞተ።

የተወለደው በ1895 ዓ.ም. በህንድ አገር፣ ከወታደር ቤተ ሰብ ነው። ወላጆቹ እጅግ ጥብቅ የሆኑ የወንጌል ሰዎች ስለ ነበሩ መጽሐፍ ቅዱስን ከልጅነቱ ጀምሮ አጥንቶት አደገ። በእንግሊዝ አገር የመድፈኛ መኮንንነት ተምሮ በሱዳን አምስት ዓመት፣ ኋላም በፍልስጥኤም አገለገለ። በጠባዩ ግን ለአለቆቹ የሚመች ሰው አልነበረም፤ ያመነበትን ፊት ለፊት ይናገራል፣ ልብሱ የተጐሳቈለ ነው፣ ጥሬ ሽንኩርትም እንደ ፍራፍሬ ይበላ ነበር።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ በዓል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ሲተክሉ ዊንጌት አብሯቸው ነበረ። በእርሱ ሥር የነበሩት የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደሮች ሁለት ሺህ እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ ጦሩን በመጽሐፈ መሳፍንት እንደ ተጻፈው፣ በሦስት መቶ ሰዎች የምድያምን ሠራዊት ባሸነፈው በጌዴዎን ስም ጠራው። ስንቅና ጥይት የተጫኑት ብዙ ሺህ ግመሎች ወደ ጎጃም ደጋ ሲወጡ በየመንገዱ ወደቁ፤ የተረፉት እጅግ ጥቂት ናቸው። ዊንጌት በሌሊት እየመታ፣ ወዲያና ወዲህ እየተዘዋወረ፣ ጠላት ቍጥሩን እንዳያውቅ አደረገ። በቡሬ የነበረው ብዙ የኢጣልያ ጦር ሸሸ፤ መጋቢት 28 ቀንም ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ይህ ሁሉ ሲነገር ግን ሊዘነጋ የማይገባው አለ። ጎጃምን ለጠላት የእሳት ምድር አድርገው የቆዩት እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና እነ በላይ ዘለቀ ናቸው፤ በሸዋም ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። ዊንጌት የደረሰው አርበኞች አምስት ዓመት ደማቸውን ካፈሰሱ በኋላ ነው። ለእርሱ የሚገባው ምስጋና ይህን ማወቁና ኢትዮጵያውያን በገዛ ንጉሣቸው ሥር ሆነው አገራቸውን ነጻ ያውጡ ማለቱ ነው። ጄኔራል ካኒንግሃም አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መግባት እንዲዘገይ በፈለገ ጊዜም ዊንጌት ተቃወመ። ከዚያም ከራስ ካሣ ጋር ዘምቶ፣ ግንቦት 15 ቀን በአጊባር ኮሎኔል ማራቬንታኖ ከነሠራዊቱ እጁን ሰጠ።

ዋጋው ግን መራራ ነበረ። ጦሩ ተበተነ፤ እርሱም ከኮሎኔልነት ወደ ሻለቃነት ተመለሰ፤ ለወታደሮቹ የጠየቀው አበል ተከለከለ። በካይሮ በወባ ትኩሳት እየነደደ፣ በኀዘንም ተውጦ ራሱን ሊገድል ሞከረ፤ በጎረቤት ክፍል የነበረ መኮንን ደርሶ አተረፈው። ሰው ሁሉ አበቃለት ባለ ጊዜ ወደ በርማ ተላከ። በ1935 ዓ.ም. ሦስት ሺህ ያህል ሰው ይዞ ከጃፓኖች መሥመር በስተኋላ ገባ፤ ከሦስቱ አንዱ ያህል አልተመለሰም። በተከታዩ ዓመት በሜጀር ጄኔራልነት ብዙ ሺህ ወታደር በአየር አሳፍሮ በጫካው መካከል አወረደ።

መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. የተሳፈረበት የአሜሪካ አውሮፕላን በህንድ አገር፣ በማኒፑር ተራራ ላይ ወድቆ ተቃጠለ፤ በውስጡ ከነበሩት አንድም የዳነ የለም። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። የሟቾቹ አፅም አንዱ ከሌላው ሊለይ ስላልተቻለ፣ የሚበዙትም አሜሪካውያን ስለ ነበሩ፣ በ1943 ዓ.ም. ሁሉም በአንድ መቃብር አርሊንግተን በተባለው የአሜሪካ ወታደሮች መካነ መቃብር ተቀበሩ። በኢትዮጵያ ግን ከጦርነቱ በኋላ ከአዲስ አበባ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ በኩል ትምህርት ቤት በስሙ ተሠራ፤ ሰፈሩም ዊንጌት ተባለ።