ነርሷ ልዕልት፣ ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ

ለዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝኩ ጊዜ ጓደኞቼ የጦር ጀግና የምመርጥ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን በሃያ ሁለት ዓመታቸው ያረፉትን ነርስ፣ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን መረጥኩ። ምክንያቱ ከቤታችን ይጀምራል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ሲገባ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ነርስ የሆነችው አክስቴ እዚህ በቾ ቦሬ ከእኛ ጋር ትኖራለች። በመጀመሪያ እጃችንን በሳሙና እንድንታጠብና እንድንራራቅ ነገረችን፤ ጭምብል ግን ለጤነኛ ሰው አያስፈልግም አለች። ጥቂት ቆይታ ያለ ጭምብል ከደጅ እንዳንወጣ አዘዘች። ጎረቤት ለቡና መጥራትንም ከለከለች፤ በቡና አገር ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። አያቴ ክፉኛ ተቀየሙ። እኔም አክስቴ ቃሏን ስለ ለወጠች ዋሸችን ብዬ ታዘብኳት። የጭምብሉን ነገር እንደገና ያገኘሁት የልዕልቲቱን ታሪክ ሳነብ ነው።

ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ሲሆኑ በጥቅምት 1912 ዓ.ም. ተወለዱ። የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ ዕድሜያቸው ገና ወደ ዐሥራ ስድስት ነበር። በኅዳር ወር ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ከታኅሣሥ ጀምሮ ደግሞ የሰናፍጭ ጋዝ የተባለው መርዝ በሰሜን ግንባር ይወርድ ጀመር። በአዲስ አበባ ሴቶች ተሰብስበው ፋሻ ሲያዘጋጁ፣ ከጨርቅ የፊት ጭምብል ሲሰፉ ልዕልቲቱ ከመካከላቸው ነበሩ።

ይህ መርዝ ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ከአውሮፕላን እንደ ካፊያ የሚወርድ ፈሳሽ ነው። በሣርና በአፈር ላይ ያርፋል፣ ለቀናትም ሊቆይ ይችላል። የነካው ሰው ወዲያው አይሰማውም፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ቆዳው ያቃጥለዋል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፣ ዓይኑም ይታወራል። ከወታደሮቻችን ብዙዎቹ ባዶ እግራቸውን ነበሩ። እንግዲህ ፊትን የሚሸፍን ጨርቅ ለእግር ምን ይረዳዋል? መርዙ የነካውን ልብስ ቶሎ ማውለቅና ገላን በብዙ ውኃና በሳሙና ማጠብ የተሻለ ነበር፤ ይህን የሚያውቅ የሠለጠነ አስታማሚ ግን በአገሩ እጅግ ጥቂት ነበረ። ይህን ስጽፍ የሰፊዎቹን ድካም ማቃለሌ አይደለም፤ ያላቸውን ሁሉ ሰጥተዋል።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ልዕልቲቱ ከቤተ ሰባቸው ጋር ተሰደው በኢየሩሳሌም በኩል እንግሊዝ አገር ገቡ። ቤተ ሰቡ ባዝ በምትባል ከተማ ሲቀመጥ እሳቸው ለንደን ሄደው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ጀመሩ። የነርስ ተማሪ ሥራ አልጋ ማንጠፍ፣ ሕመምተኛ ማጠብ፣ ትኩሳት መለካት፣ የልብ ምት መቁጠርና ሁሉንም በሰዓቱ መጻፍ ነው። ሕፃኑ የተሻለው መሆኑ ከተጻፈው ቁጥር ይታያል፤ የአስታማሚዋ ምኞት ቁጥሩን አይለውጠውም። የንጉሥ ልጅም ብትሆን ያው ነው!

አክስቴን ስለ ጭምብሉ የጠየቅኋት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነበር። በመጀመሪያ ሳል የሌለው ሰው በሽታውን ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ በደንብ አልታወቀም ነበር አለችኝ። ነገሩ እየታወቀ ሲሄድ ምክሩም ተለወጠ፤ የዓለም የጤና ድርጅት ራሱ በአውሮፓ አቆጣጠር በሰኔ 2020 መመሪያውን አሻሽሏል። እሷም የትናንት ቃሏን ለመጠበቅ ብላ አያቴን አደጋ ላይ ልትጥል አልፈለገችም። አያቴ እስካሁን ድረስ ያንን የቡና ክልከላ ያነሡባታል።

ልዕልት ፀሐይ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመረቁ። ቀጥሎም ጋይስ ሆስፒታል ገብተው ሲሠሩ ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ትደበደብ ነበር። ከአንድ ድብደባ ሸሽተው ሌላ ድብደባ ላይ መድረሳቸው ነው። አገራችን ነፃ ስትወጣ ተመልሰው በዚያችው በተደበደበችው ደሴ በሆስፒታል አገለገሉ።

በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ኮሎኔል አቢይ አበበን አግብተው ከእኛ ከጅማ በበደሌ በኩል ወደምትደረሰው ወደ ነቀምቴ ሄዱ። አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም እዚያው ዐረፉ። ስንቱን ሕፃን ያስታመሙት ነርስ በወሊድ ጉዳይ መሞታቸውን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ተቀመጥኩ።

በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ አገር ሳይቀር ገንዘብ ተሰበሰበ፤ ሲልቪያ ፓንክረስት ብዙ ደክመውበታል። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። አክስቴ አዲስ አበባ በሄደች ቁጥር በዚያ በር ታልፋለች፤ የማን መታሰቢያ እንደ ነበረ ያወቀችው ግን ይህን ጽሑፍ ሳነብላት ነው።