ጆን ፎርድና የካውቦይ ፊልም ፍርድ

የካውቦይ ፊልም ለብዙዎቻችን የፈረስ ግልቢያና የሽጉጥ ተኩስ ብቻ ነው። ነገር ግን ከተኩሱ በስተጀርባ ችሎት አለ፤ ማን ደግ፥ ማን ወንጀለኛ፥ መሬቱስ የማን እንደ ሆነ እዚያ ይፈረዳል። በዚህ ወንበር ከተቀመጡት ዳኞች ዋነኛው አሜሪካዊው ዲሬክተር ጆን ፎርድ ነበረ። ታሪኩን በአውሮፓ አቆጣጠር እንተርካለን።

ፎርድ ከአየርላንድ ስደተኞች በሜይን ግዛት በ1894 ዓ.ም. ተወለደ፤ የቤት ስሙም ጆን ፊኒ ይባል ነበር። በ1914 ታላቅ ወንድሙን ፍራንሲስን ተከትሎ ሆሊውድ ገባ፤ በ1917 ፊልም ማዘጋጀት ጀመረ። በዲሬክተርነቱ አራት ጊዜ ኦስካር ሲሸለም፥ አንዱም በካውቦይ ፊልም አልነበረም።

በ1939 «ስቴጅኮች» ወጣ። በዚህ ፊልም ከከተማ የተባረረችው ሴትና ከወህኒ ያመለጠው ወጣት ከተከበረው የባንክ ሹም ይልቅ ሰው ሆነው ይገኛሉ። ፎርድ ክብርን በማዕረግ አልለካም። ይሁን እንጂ ለተሳፋሪዎቹ ያሳየውን ርኅራኄ ሠረገላውን ለሚያሳድዱት አፓቾች ነፈጋቸው፤ እነርሱ በጥይት ለመርገፍ ብቻ የመጡ ይመስላሉ። እኛም ተመልካቾቹ ሲረግፉ እናጨበጭባለን።

ፎርድ ግን የራሱን ፍርድ እንደገና ማየት ጀመረ። በ1948 «ፎርት አፓቺ» በተባለው ፊልሙ፥ አፓቾችን ያስመረራቸው የመንግሥት ወኪል ሌብነት፥ ቃሉን ያፈረሰውም ነጩ አዛዥ መሆኑን አሳየ። በ1960 በሐሰት የተከሰሰ ጥቁር ወታደር በጦር ፍርድ ቤት አቁሞ፥ የዋናውን ሰው ቦታ ለጥቁሩ ተዋናይ ለዉዲ ስትሮድ ሰጠ። በ1962 ባወጣው ፊልም ደግሞ አንድ ጠበቃ፥ ሌላ ሰው በገደለው ሽፍታ ጀግና ተብሎ ለሴናተርነት ይበቃል፤ እውነቱ ሲነገርም ጋዜጠኛው አያትመውም።

በመጨረሻም በ1964 «ሻየን ኦተም» በተባለው ፊልም፥ በ1878 ከግዞት ወደ አገራቸው ለመመለስ የተነሡትን የሻየን ሰዎች መከራ ተረከ። ነገር ግን ዋና ዋናዎቹን የሻየን አለቆች ሆነው የተጫወቱት ከሌላ ወገን የመጡ ተዋንያን ነበሩ፤ ፊልሙ በተነሣበት በሞኑመንት ቫሊ የሚኖሩት ናቫሆዎች በአጃቢነት ቀሩ። ይቅርታው ራሱ በሌላ ሰው አፍ ተነገረ።

ፎርድ ነሐሴ ወር 1973 በ79 ዓመቱ ሞተ። እኛ የምናከብረው ፍርዱ ሁሉ ትክክል ስለ ነበረ ሳይሆን ሚዛኑን መልሶ ለመመርመር ስለ ደፈረ ነው። የቀረው ምርመራ የተመልካቹ ድርሻ ነው፤ በጨለማው አዳራሽ ስናጨበጭብ ለማን እንደምናጨበጭብ እንጠይቅ።