ኡሙ አይመን፦ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያሳደገችው ሀበሻዊት

 

የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅነት ሲተርኩላችሁ፣ አባታቸው እሳቸው ሳይወለዱ እንደሞቱ፣ እናታቸው አሚና በ6 ዓመታቸው እንዳረፉ፣ ከዚያ አያታቸው ቀጥሎም አጎታቸው እንደተረከቧቸው ሰምታችኋል። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ፊታቸውን ማን አጠበላቸው? ማታ ማን አስተኛቸው?

በረካ ትባላለች፤ ሀበሻ ናት። ከአባታቸው ከዐብደላህ በውርስ የተላለፈች ባሪያ ነበረች። አሚና ልጃቸውን ይዘው ዘመድ ጥየቃ ወደ የስሪብ፣ ወደ ዛሬዋ መዲና፣ ሲሄዱ አብራ ነበረች። ሲመለሱ አሚና አብዋእ ላይ ታመው ሞቱ፤ እዚያው ተቀበሩ። የቲሙን ይዛ የቀረውን የበረሃ መንገድ እስከ መካ የጨረሰችው በረካ ናት።

የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ጉዞ መዝግበዋል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ተራ ቀናት ግን ማን ይመዘግባል? ዛሬ የበላ ልጅ ነገም ይርበዋል። ዛሬ የታጠበ ልብስ ነገ ይቆሽሻል። የሚወራለት ነገር የለም።

በ8 ዓመታቸው አያታቸው ዐብዱልሙጦሊብ ሞቱ። ከአስከሬኑ ኋላ እያለቀሱ ሲሄዱ ማየቷን የተናገረችው እሷው ናት። አቡጧሊብ ቤት ሲገቡ የአጎታቸው ሚስት ፋጢማ ቢንት አሰድም እንደ እናት ሆነውላቸዋል፤ ይህን መርሳት ግፍ ነው። ከእናታቸው ቤት ጀምራ አብራቸው የዘለቀችው ግን በረካ ነበረች።

በ25 ዓመታቸው ኸዲጃን (ረ.ዐ) ሲያገቡ ነፃ አወጧት። እሷም አግብታ አይመንን ወለደች፤ ኡሙ አይመን የተባለችው በዚህ ነው። በኋላ ከዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ ኡሳማን ወለደች። ረሱል ከወላጅ እናታቸው ቀጥሎ እናታቸው አድርገው ይቆጥሯት ነበር፤ ቤቷ እየሄዱም ይዘይሯት ነበር።

አነስ (ረ.ዐ) የተረከውንና ሙስሊም የዘገቡትን ባነበብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። አንድ ቀን የሚጠጣ አቀረበችላቸው። ጾመኛ ይሁኑ ወይም አላሻቸው ይሁን አነስ አላወቀም፣ ብቻ አልጠጡም። እሷም ድምጿን ከፍ አድርጋ ተቆጣቻቸው! ሶሐቦች ፊታቸው ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉላቸው ነቢይ ናቸው። ለእሷ ግን ያው ያሳደገቻቸው ልጅ ናቸው።

ዛሬም ጅዳና ሪያድ ውስጥ የሰው ልጅ የሚያሳድጉ ሀበሻ እህቶች አሉን። እናቱ ዐረብ አገር ሄዳ በአያት ወይም በአክስት እጅ ያደገም ከእናንተ መካከል አይጠፋም። ያቺን አክስት ከዘየራችኋት ስንት ጊዜ ሆናችሁ?

ኡሙ አይመን በኡሑድ ዘመቻ ውሃ ታጠጣ ነበር። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ የኡሳማ አባት ዘይድ ሙእታ ላይ ሸሂድ ሆነ። በዚያው ዓመት ልጇ አይመን ሑነይን ላይ ወደቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ ረሱል ገና ሃያ ያልሞላውን ኡሳማን የጦር አዛዥ አደረጉት። ሠራዊቱ ሳይነሳ ግን እሳቸው ታመው ወደ አኺራ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ) ረሱል ያደርጉት እንደነበረው ሊዘይሯት ሄዱ። ሲያዩዋት አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለመልእክተኛው የተሻለ መሆኑን ሊያጽናኗት ቢያስታውሷት፣ እሱንማ እንደምታውቅ፣ የምታለቅሰው ወሕይ ከሰማይ በመቋረጡ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ።