ተሰማ እሸቴ

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ (1876 – 1964 እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያዊ ገጣሚ፣ ማሲንቆ ተጫዋች፣ ድምፃዊና የቤተ መንግሥት ሰው ነበሩ። ይበልጥ የሚታወቁት ዘፈናቸውን በሸክላ በማስቀረጽ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ በመሆናቸው ነው። የእግር ኳሱ ሰው የይድነቃቸው ተሰማ አባት ናቸው።

ወጣትነትና የጀርመን ጉዞ

ተሰማ የተወለዱት በምንጃር ሲሆን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በግጥም ችሎታቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ታወቁ። በ1908 እ.ኤ.አ. (1900 ዓ.ም.) አውቶሞቢል መንዳትና መጠገን እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አዲስ አበባ ገብተው ስለነበር ለንጉሠ ነገሥቱ መኪና የሚያሽከረክርና የሚጠግን የአገር ልጅ ያስፈልግ ነበር። በዚህም ተሰማ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮች አንዱ ሆነዋል። ስማቸውን ለታሪክ ያቆየው ግን ለመኪና በሄዱበት አገር የሠሩት ሌላ ሥራ ነው።

ሸክላዎቹ

ከ1908 እስከ 1910 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ተሰማ በማሲንቆ እየታጀቡ የዘፈኗቸው ዘፈኖች በጀርመን ተቀረጹ። የሸክላዎቹ ብዛት አብዛኛውን ጊዜ 17 ተብሎ ይጠቀሳል። የኢትዮጵያውያን ድምፅ በመሣሪያ ሲቀረጽ ግን ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ የተቀረጸ መልእክት ልከዋል። የተሰማ ሥራ ልዩነቱ ዘፈን መሆኑና ተባዝቶ ለገበያ የቀረበ መሆኑ ነው።

በዚያን ጊዜ ማይክሮፎን በሸክላ ቀረጻ ላይ ገና አልዋለም። ዘፋኙ መለከት በሚመስል ትልቅ ቀንድ ፊት ቆሞ ይዘፍናል፤ የድምፁ ንዝረት መርፌ ያንቀሳቅሳል፤ መርፌውም ሰም ላይ ጭረት ይስላል። በሰምና ወርቅ የሚታወቁት ሰው ድምፃቸው በእርግጥም በሰም ላይ ተቀረጸ ማለት ነው። ከሰሙ የብረት ቅርጽ ይወጣና በዚያ ሸክላው ይታተማል። አንዱ ገጽ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ብቻ ነበር። ይህ ለማሲንቆ ዘፈን ቀላል ገደብ አይደለም፤ አዝማሪ ግጥሙን የሚያስረዝመው ወይም የሚያሳጥረው የታዳሚውን ፊት እያየ፣ ከተቀማጩም ግጥም እየተቀበለ ነውና። በቀንዱ ፊት ይህ ሁሉ አልነበረም። ሸክላው ራሱ ከነፍሳት ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የሚሠራ በመሆኑ ወድቆ ከተሰበረ አይጠገንም። እስከ ዘመናችን የደረሱት ጥቂት ቅጂዎች ብርቅ የሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው።

በኅብረተሰቡ ዘንድ አዝማሪነት ዝቅ ተደርጎ ይታይ በነበረበት ዘመን፣ ሹመት ያለው የቤተ መንግሥት ሰው ማሲንቆ ይዞ መቀረጹ በራሱ ያልተለመደ ነበር። በኋላ ዘመን «አዝማሪ» ተብለው ቢጠሩም ተሰማ በዘፈን የሚተዳደሩ ሰው አልነበሩም።

ከልጅ ኢያሱ በኋላ

ተሰማ የልጅ ኢያሱ ቅርብ ሰው ነበሩ። የነጋድራስነት ማዕረግ፣ ማለትም የነጋዴዎች አለቅነት፣ ከንግድና ከቀረጥ ገቢ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ተራ ሹመት አልነበረም። ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ለወዳጆቻቸውም ክፉ ቀን መጣ። ልጃቸው ይድነቃቸው በ1921 እ.ኤ.አ. የተወለዱት በጅማ ነው። ይድነቃቸው በኋላ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ሆኑ፤ በ1962 እ.ኤ.አ. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳውን ብሔራዊ ቡድን አሠለጠኑ፤ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ሸክላ በአገር ቤት

በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ሰጠ። ተሰማ በ1964 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ይህ ደንብ እንደጸና ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ደንቡን ጥሶ «አምሃ ሪከርድስ»ን አቋቋመ፤ የመጀመሪያው ሸክላም የዓለማየሁ እሸቴ ሆነ (የሦስቱ ሰዎች የአባት ስም መመሳሰል አንባቢን ሊያሳስት አይገባም)። የሙላቱ አስታጥቄ የኢትዮ ጃዝ ሙከራም በዚሁ አሳታሚ ወጥቷል።

የተሰማ ቀረጻዎች ከመቶ ዓመት በኋላ ተሰብስበው በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው የፈረንሳይ ተከታታይ ሥራ 27ኛ ክፍል ሆነው በሁለት ሲዲ ታትመዋል።