ቤታቸውን ለከተማቸው የሰጡት ከንቲባ፦ ሜይር ዲዘንጎፍ

 ዛሬ የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ስማቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከናታንያ ተነስቶ ቴል አቪቭ የሄደ ሰው የዲዘንጎፍን መንገድ ሳይረግጥ የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው። ነገር ግን ሰውዬው ማን እንደነበሩ፣ በተለይም የቴል አቪቭ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የተጀመረው በራሳቸው መኖሪያ ቤት መሆኑን የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

ይህን ታሪክ የመረጥነው በምክንያት ነው። ከማኅበረሰባችን ብዙ ቤተሰቦች ለገበያ፣ ለሕክምና ወይም ለባሕር ዳርቻ ወደ ቴል አቪቭ ይሄዳሉ። በሙዚየሙ ደጃፍ ሲያልፉ ግን ቦታው ለሌላ ሰው የተሠራ እየመሰላቸው ሳይገቡ ያልፋሉ። የዲዘንጎፍን ታሪክ ያወቀ ሰው ግን እንዲህ ብሎ አያልፍም ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ትውልድና የወጣትነት ዘመን

ሜይር ዲዘንጎፍ የተወለዱት በ1861 በቤሳራቢያ፣ በኦርሄይ ከተማ አቅራቢያ በምትገኝ አነስተኛ መንደር ነው። አገሩ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሥ ግዛት ሥር ነበር፤ መንደሪቱ ዛሬ በሞልዶቫ ውስጥ ትገኛለች። ቤተሰባቸው በ1878 ወደ ኪሺኔቭ ከተማ ተዛወረ። ከ1882 እስከ 1884 በሩሲያ ጦር ውስጥ አገልግለዋል። በዚያው ዘመን በዚቶሚር ከተማ ሳሉ ጺና ብሬነር ከተባለች ወጣት ጋር ተዋወቁ፤ በኋላም ትዳር መሠረቱ። በ1885 ንጉሡን ከሚቃወሙ ሰዎች ጋር ግንኙነት አለህ ተብለው ታስረው ነበር። ከዚያ በኋላ ልባቸው ወደ ጽዮን ዞረ፤ ወደ ምድረ እስራኤል መመለስን ከሚሰብኩ ማኅበሮች ጋርም መሥራት ጀመሩ።

ቀጥሎም ወደ ፓሪስ ሄደው የኬሚካል ምሕንድስና ተማሩ፤ ሙያቸውም የመስታወት ሥራ ሆነ። በዚያም ታዋቂውን ባለጸጋ ባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሽልድን አገኙ። ባሮኑ በዝኽሮን ያዕቆብና በሪሾን ለጽዮን የወይን ጠጅ መጥመቂያዎች ነበሯቸውና ጠርሙስ የሚሠራላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ ወጣቱን መሐንዲስ በጣንቱራ የባሕር ዳርቻ የጠርሙስ ፋብሪካ እንዲያቋቁሙ ላኳቸው።

ያልተሳካው ፋብሪካ

ፋብሪካው አልተሳካም። የአካባቢው አሸዋ ለጥሩ ጠርሙስ የሚሆን አልነበረም፤ ሠራተኞቹንም ወባ ጣላቸው። እንግዲህ ከቆላ ወባ ጋር የኖረ ወገናችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ብዙ ዓመታት ሳይቆይ ሥራው ቆመ፤ ዲዘንጎፍም ወደ ሩሲያ ግዛት ተመልሰው በኦዴሳ በንግድ ሥራ ተሰማሩ።

የሚገርመው ግን የድንጋዩ ሕንፃ ዛሬም ቆሟል። የሚገኘውም ከናታንያ ወደ ሰሜን፣ በናሕሾሊም ኪቡጽ ውስጥ ነው። ሚዝጋጋ የሚባል ሙዚየም ሆኖ ከጥንቷ የዶር ከተማና ከባሕሩ ውስጥ የወጡ ቅርሶች ይታዩበታል። የሰውዬው ከስሮ የተዘጋ ፋብሪካ ሙዚየም ሆነ፤ በኋላ እንደምናየው መኖሪያ ቤታቸውም ሙዚየም ሆነ።

ኦዴሳ ሳሉ በ1903 የእንግሊዝ መንግሥት ለአይሁድ በምሥራቅ አፍሪካ መሬት እሰጣለሁ አለ። ይህ የኡጋንዳ ዕቅድ በመባል የሚታወቀው ነው። ዲዘንጎፍ ከጽዮን ሌላ አገር አንሻም ብለው አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል ነበሩ። በ1905ም ቤታቸውን ጠቅልለው በያፎ ሰፈሩ። በዚያው ዓመት ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች ከቤተ እስራኤል መንደሮች ተመልሰው፣ ታምራት አማኑኤልንና ጌቴ ኤርምያስን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ይዘው መሄዳቸው ነበር። ሁለቱ ሰዎች መንገዳቸው ለየቅል ቢሆንም በመጨረሻ ሁለቱንም ያገናኘቻቸው ቴል አቪቭ ናት። የፋይትሎቪች መጻሕፍት ዛሬ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።

በአሸዋ ላይ የተሠራች ከተማ

በአፕሪል 11 ቀን 1909፣ 66 ቤተሰቦች ከያፎ ወጣ ብሎ በሚገኝ የአሸዋ ክምር ላይ ተሰበሰቡ። በባሕር ዛጎል ላይ ስምና ቁጥር ተጽፎ ዕጣ ወጣ፤ እያንዳንዱም ቤቱን የሚሠራበትን ቦታ አወቀ። ዕጣውን ያወጡት የማኅበሩ መሪ ዓቂቫ አርዬ ዋይስ ነበሩ። ዲዘንጎፍና ባለቤታቸውም ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ፤ ቤታቸውን የሠሩት ዛሬ ስዴሮት ሮትሽልድ 16 ተብሎ በሚታወቀው ቦታ ላይ ነው። ሰፈሩ በ1910 ቴል አቪቭ የሚለውን ስም አገኘ፤ በ1911 ዲዘንጎፍ የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ትልቅ መከራ መጣ። በ1917 የቱርክ ገዢዎች የያፎንና የቴል አቪቭን አይሁዶች ከቤታቸው አስወጡ። ሕዝቡ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ወደ ሰሜን ተሰደደ። ናታንያ ያኔ ገና አልተመሠረተችም፤ የተቆረቆረችው በ1929 ነው። ዲዘንጎፍ የስደተኞቹ ኮሚቴ መሪ ሆነው ማን የት እንደሚያድር፣ ማን ምን እንደሚበላ ሲያዘጋጁ ከረሙ። ብዙ ሰው በረሃብና በበሽታ ሞተ። የተረፉት እንግሊዞች አገሩን ከያዙ በኋላ ተመልሰው ባዶዋን ሰፈር እንደገና ነፍስ ዘሩባት። በሱዳን መንገድ ወገኖቹን የቀበረ ማኅበረሰብ ይህን ታሪክ እንደ ባዕድ ታሪክ አያነበውም።

ከዚያ በኋላ ዲዘንጎፍ የቴል አቪቭ የመጀመሪያ ከንቲባ ሆኑ። ከ1925 እስከ 1928 ካለው ጊዜ በስተቀር እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚሁ ሥልጣን ቆይተዋል። በፈረስ ተቀምጠው በከተማይቱ እየዞሩ ሥራውን ይመለከቱ ነበር፤ በፑሪም ሰልፍም ሕዝቡ በፈረሳቸው ላይ ሆነው ያያቸው ነበር። በ1936 የያፎ ወደብ ሥራ ባቆመ ጊዜ ቴል አቪቭ የራሷ ወደብ እንዲኖራት አደረጉ። በዕጣ የተጀመረችው ሰፈር በእሳቸው ዘመን ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ሆነች።

ቤቱ ሙዚየም ሆነ

ወይዘሮ ጺና በ1930 አረፉ። ባልና ሚስቱ በሕይወት የቀረ ልጅ አልነበራቸውም። ዲዘንጎፍ ያን ጊዜ ወደ 70 ዓመት ተጠግተው ነበር። ብቻቸውን የቀሩበትን ቤት በባለቤታቸው መታሰቢያነት ለከተማው ሰጡ፤ የሥነ ጥበብ ሙዚየም እንዲሆንም ወሰኑ።

እሳቸው ሠዓሊ አልነበሩም፤ የሥዕል ሊቅም አልነበሩም። ሙያቸው ጠርሙስና ንግድ ነበር። ነገር ግን መንገድና ወደብ ብቻ ያላት ከተማ ሙሉ አይደለችም ብለው ያምኑ ነበር። በ1931 ታዋቂው ሠዓሊ ማርክ ሻጋል በእሳቸው ግብዣ ከባለቤቱና ከልጁ ጋር መጥቶ ስለ ሙዚየሙ ተመካከሩ። ሁለቱ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። ሻጋል የላቀ ሥራ ብቻ ይግባ የሚል ሰው ነበር፤ ዲዘንጎፍ ደግሞ ሕዝቡ አይቶ እንዲማርበት የታላላቅ ሐውልቶች ቅጂም ቢሆን ይቀመጥ የሚሉ ነበሩ። እኛ ስናስበው ሁለቱም እውነት ነበራቸው።

ሙዚየሙ በአፕሪል 2 ቀን 1932 ተከፈተ። በ1933 ካርል ሽዋርትስ የተባሉት ባለሙያ ከበርሊን መጥተው ኃላፊነቱን ተረከቡ። እኚህ ሰው በበርሊን የአይሁድ ሙዚየም መሪ ነበሩ፤ ያ ሙዚየም የተከፈተው ሂትለር ሥልጣን ከመያዙ ስድስት ቀን በፊት ነበር። በበርሊን በሩ ሊዘጋ የተቃረበው ሥራ በዲዘንጎፍ ቤት ቦታ አገኘ። ቤቱም በአርክቴክት ካርል ሩቢን ንድፍ ታድሶ ጌጥ የሌለው ቀላል መልክ ያዘ። ያ መልክ በ1930ዎቹ ከተማይቱን የሞላው የነጭ ሕንፃዎች መልክ ነው። ይህች ነጭ ከተማ በ2003 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች።

ዲዘንጎፍ በሴፕቴምበር 23 ቀን 1936 አረፉ፤ በትሩምፐልዶር መካነ መቃብር ተቀበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላም በጺና ስም የተሰየመው አደባባይ ተከፈተ። ንድፉን የሠራችው ጌንያ አቨርቡኽ የተባለች ሴት አርክቴክት ናት።

የቤቱ ታላቅ ቀን

ዲዘንጎፍ በሕይወት ቢኖሩ ደስታቸው ወሰን የማይኖረው በሜይ 14 ቀን 1948 ነበር። ዳዊት ቤን ጉርዮን የእስራኤልን መንግሥት መመሥረት ያወጁት በዚሁ ቤት፣ በሙዚየሙ አዳራሽ ውስጥ ነው። ቤቱ የተመረጠው አዳራሹ ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ ግድግዳው ወፍራምና መስኮቱ ትንሽ ስለነበር ነው፤ ከአውሮፕላን ድብደባ ይሻላል ተብሎ ታሰበ። ሥነ ሥርዓቱ ሰንበት ሳይገባ እንዲያልቅ ተፋጠነ፤ የፈጀውም 32 ደቂቃ ነው። በዚያች ዓርብ ወላጆቻችንና አያቶቻችን በጎንደርና በትግራይ መንደሮቻቸው ሰንበትን ለመቀበል ይዘጋጁ ነበር። እነሱ የሚጸልዩላት አገር የተወለደችው ሥዕል በተሰቀለበት ቤት ውስጥ ነው።

ሙዚየሙ ዛሬ

የሥዕሉ ስብስብ እያደገ ሲሄድ ቤቱ ጠበበ። በ1971 በስዴሮት ሻዑል ሐሜሌኽ በአርክቴክቶቹ ዳን ኤይታንና ይጽሐቅ ያሻር የተነደፈ ትልቅ የኮንክሪት ሕንፃ ተከፈተ። በ2011 ደግሞ ከጎኑ በአሜሪካዊው አርክቴክት ፕሬስተን ስኮት ኮኸን የተሠራው የኸርታና የፖል አሚር ሕንፃ ተጨመረ።

ይህን አዲሱን ሕንፃ ስንጎበኝ ከሥዕሎቹ በፊት ዓይናችን ያረፈው በግንቡ ላይ ነው። መሬቱ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ሥዕል የሚሰቀልበት ክፍል ግን አራት ማዕዘን መሆን አለበት። አርክቴክቱ እያንዳንዱን ፎቅ ከሌላው ትንሽ አዙሮ በማስቀመጥ ችግሩን ፈታው። ከውጭ ሲታይ ግራጫው ግድግዳ እንደ ታጠፈ ወረቀት ነው። ከፊሉ ፎቅ ከመሬት በታች ነው፤ ሆኖም ጨለማ አይደለም። በመካከሉ 27 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጠመዝማዛ ክፍት ቦታ አለ፤ የጸሐይ ብርሃን ከጣሪያው ገብቶ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ እስከ ታችኛው ወለል ይደርሳል። ስሙንም የብርሃን ፏፏቴ ብለውታል። በቀኑ ሰዓት ሁሉ የግድግዳው ቀለም ስለሚለዋወጥ ጊዜ ወስዶ ማየት ይገባል።

ውድ አንባቢያን፣ እኛ ከጥበብ ርቀን የኖርን ሕዝብ አይደለንም። በወለቃ እናቶቻችን ጭቃን ቅርጽ አስይዘው በእሳት ሲያጠነክሩት፣ አባቶቻችን ብረት ሲቀጠቅጡና ሸማ ሲሠሩ የእጅ ሙያ ምን እንደሆነ አይተን አድገናል። ስለዚህ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ሙዚየም ስንገባ እንደ እንግዳ አንገታችንን ልንደፋ አይገባም። ሽማግሌዎቻችንም አብረውን ይምጡ፤ አንድን ሸክላ ወይም አንድን ሽመና አይቶ ልፋቱን ከእነሱ የበለጠ ለልጅ ልጆች የሚያስረዳ የለም። ዲዘንጎፍ ቤታቸውን የሰጡት ለሥዕል አዋቂዎች አይደለም፤ ለከተማው ሕዝብ ነው። እሳቸውም ከሩቅ አገር የመጡ፣ አንድ ጊዜ ከስረው የተመለሱ፣ ከገዛ ሰፈራቸውም የተባረሩ ሰው ነበሩ።