አባ ሻንቆ፤ በፈረሳቸው ስም የተጠሩት የደሴ ንጉሥ

በአውሮፓ ሰዎች ዘንድ ከተለመዱት መዝናኛዎች አንዱ ዘሩ የታወቀ ውሻ ማሳደግ፤ ማሠልጠንና በአደባባይ ማሳየት ነው። ይህን ሥራ የሚመራ ማኅበር በለንደን ከተማ በ1865 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ማኅበሩ የእያንዳንዱን ውሻ አባትና እናት፤ አያትና ቅድመ አያት በመዝገብ ያሰፍራል። የትርዒቱ ቀን ሲደርስ ዳኛው ቁመናውን፤ አረማመዱንና ጠባዩን መርምሮ ለበለጠው ሽልማት ይሰጣል። የውሻ ብስኩት ሻጭ የነበረው ቻርልስ ክራፍት በ1883 ዓ.ም. በስሙ የጀመረው ትርዒት እስከ ዘመናችን ድረስ ዝናው መቆየቱ፤ ነገሩ ለእነዚያ ሕዝቦች ቀልድ እንዳልሆነ ያስረዳል። በእኛም ከተሞች የውጭ ዘር ያለው ውሻ አሳድጎ ቁጭ በል፤ ተነሥ፤ አምጣ እያለ የሚያስተምር ወጣት አይታጣም።

ይሁን እንጂ በአገራችን ይህን ያህል ፍቅርና ጥንቃቄ ከጥንት ጀምሮ ሲሰጥ የኖረው ለውሻ ሳይሆን ለፈረስ ነው። ዘሩ የሚጠየቀው፤ ጠባዩ የሚገራው፤ በበዓል ቀን አጊጦ ለሕዝብ የሚታየው ፈረስ ነበር። በሁለቱ ልማዶች መካከል ግን አንድ የሚያስደንቅ ልዩነት አለ። በእንግሊዝ አገር ውሻው በጌታው ስም ይመዘገባል፤ በእኛ አገር ግን ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፤ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፤ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፤ ራስ አሉላ አባ ነጋ፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል ይባሉ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦር እንኳ ስሙን ያገኘው ከራስ መኰንን ፈረስ ነው። በታንክና በአውሮፕላን ዘመን ባሕር ተሻግሮ የሚዋጋ ወታደር የፈረስ ስም ይዞ መሄዱ፤ ልማዱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያሳያል።

በደሴ ከተማ የሚኖር ተማሪ ወይም ወጣት ሠራተኛ ከቧንቧ ውሃ ወይም ከሌላው ሠፈር ተነሥቶ አይጠየፍ አዳራሽን ለማየት ቢሄድ፤ የሚያየው የእንዲህ ያለ ባለፈረስ ቤት ነው። እኒህም አባ ሻንቆ የተባሉት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው።

ንጉሥ ሚካኤል በ1842 ዓ.ም. ገደማ ሲወለዱ ስማቸው መሐመድ ዓሊ ነበር። አባታቸው ኢማም ሊበን አመዴ ከወረሂመኖ መሳፍንት ወገን ነበሩ፤ ይህም ቤት በወሎ ምድር ለብዙ ትውልድ የገዛና በእስልምና ሃይማኖት የታወቀ ነው። ወሎ ደግሞ የፈረሰኛ አገር ነው። ደጋው ሰፊ ሜዳና ሣር አለው፤ ገብሱ ይበቅላል፤ ብርዱም ለፈረስ ይስማማል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ አየሩ ሲለወጥ ያውቀዋል። በሞቃትና እርጥብ ቆላ በጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት የሚተላለፍ የፈረስ በሽታ አለ፤ ከዝናብ በኋላ ሲነሣ ጋጣውን ባዶ እስከ ማድረግ ይደርሳል። በደጋ መኖር ለፈረሰኛ ትልቅ ሀብት የሆነው ስለዚህ ነው።

የዚያ ዘመን የመኳንንት ልጅ ትምህርቱ ከኮርቻ ላይ ይጀምር ነበር። ይህን ጉዳይ ጥቂት ሰፋ አድርገን እንመልከተው፤ ምክንያቱም የሰውዬው ኑሮ ሁሉ፤ ድሉም ሆነ ውድቀቱ፤ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ፈረስ በአንድ ቀን አይገራም። ገሪው በመጀመሪያ ግልገሉን በገመድ እየሳበ ከሰው ጋር ያላምደዋል፤ ከዚያም ልጓም ያጐርሰዋል፤ ቀጥሎ ኮርቻ ይጭንበታል፤ መጨረሻ ቀለል ያለ ልጅ ያወጣበታል። የሐበሻ ልጓም ብርቱ ነው፤ በሽምጥ የሚጋልበውን ፈረስ በቅጽበት ያቆማል። በዚህም የተነሣ እጁ ያልታረመ ሰው የፈረሱን አፍ ያቆስላል፤ አፉ የቆሰለ ፈረስም ተንኮለኛ ይሆናል። ጥሩ ፈረሰኛ በልጓም ብቻ ሳይሆን በጉልበቱና በሰውነቱ ዘንበል ማለት ያዝዛል። እግሩ ባዶ ነው፤ ከእርካቡም ውስጥ የሚገባው አውራ ጣቱ ብቻ ነው። ሶምሶማውን፤ ድንገላሳውንና ሽምጡን ፈረሱ ለይቶ እስኪያውቅ ድረስ በየቀኑ ይሠራል። መንገድ የሚኬደው በበቅሎ ነው፤ ፈረሱን አሽከር እየሳበ ከፊት ወይም ከጐን ይዞት ይሄዳል፤ ጌታው የሚወጣበት ጦርነት ወይም ጨዋታ ሲደርስ ነው። እንዲህ ያለውን ፈረስ የሚጠብቅ ቀላቢ የራሱ ክብር ነበረው፤ በቤተ መንግሥት የበላዩም ባልደራስ ተብሎ በማዕርግ ይጠራል።

የፈረሱና የሰውዬው ሥልጠና በሕዝብ ፊት የሚፈተነው በጉግስ ነው። በገና፤ በጥምቀት ወይም በሌላ ታላቅ በዓል ሁለት ወገን ሆነው ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ። አንዱ ወገን ይሸሻል፤ ሌላው ያባርራል፤ አባራሪው በጦር ፈንታ ዘንግ ይወረውራል፤ ሸሺው ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይመክታል፤ ወይም ከፈረሱ አንገት ሥር ተለጥፎ ያሳልፋል። ከዚያ በድንገት ይዞራሉ፤ ሸሺው አባራሪ ይሆናል። ፈረሱ መዞሩን ካላወቀ ጌታው ተመትቶ ይወድቃል፤ ሜዳውም በሳቅ ይሞላል። የለንደኑ ዳኛ በወረቀት ነጥብ ሲሰጥ፤ የእኛ ዳኛ ተመልካቹ ነበር፤ ፍርዱም ይግባኝ የለውም። እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በአዊ ምድር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሶቹን አስጊጦ ለትርዒት ማውጣቱን ነው፤ የዱሮውን ነገር በዓይኑ ለማየት የሚወድ ወጣት እንጅባራ ድረስ ቢሄድ ድካሙ በከንቱ አይቀርም።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። መሐመድ ዓሊ ገና ወጣት ሳሉ ወሎ በአንድ በኩል በዐፄ ዮሐንስ፤ በሌላ በኩል በሸዋው ንጉሥ ምኒልክ መካከል የምትሳብ አገር ሆነች። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከደሴ አጠገብ ባለው በቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ አደረጉ። በዚያም የወሎ ገዦች እንዲጠመቁ ተወሰነ። መሐመድ ዓሊ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የክርስትና አባት ሆነዋቸው ሚካኤል ተባሉ፤ ራስነትም ተሰጣቸው። ተፎካካሪያቸው አባ ዋጠውም ተጠምቀው ኃይለ ማርያም ሲባሉ የክርስትና አባታቸው ንጉሥ ምኒልክ ሆኑ። ይህ ነገር በወሎ ሕዝብ ላይ ቀላል ሆኖ አላለፈም፤ ሃይማኖቴን አልለውጥም ብሎ በሼኽ ጦልሃ መሪነት የተነሣው ወገን ብዙ ጊዜ ተዋግቷል። ራስ ሚካኤል ልባቸው በዚያች ቀን ምን እንዳለ ታሪክ ጸሐፊ ሊፈርድ አይችልም። ከዚያ በኋላ በሠሩት ሥራ ግን አብያተ ክርስቲያናት ያሳነጹ ሰው መሆናቸው፤ በእስላም ዘመዶቻቸውና በሕዝባቸው ዘንድም ያላቸውን ቦታ አለማጣታቸው ይታያል። አንዱን እግር በአንዱ እርካብ፤ ሌላውን በሌላው አድርጎ መቀመጥ ልምድ ይጠይቃል።

ደሴ የሚለውን ስም ያወጡት ዐፄ ዮሐንስ እንደ ሆኑ ይነገራል፤ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ያለውን ቦታ ከተማ ያደረጉት ግን ራስ ሚካኤል ናቸው። የአይጠየፍ አዳራሽ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ድሃም ሆነ ጌታ፤ እስላምም ሆነ ክርስቲያን ሳይጸየፍ የሚገባበት የግብር አዳራሽ ማለት ነው።

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲሞቱ ራስ ሚካኤል ለዐፄ ምኒልክ ገቡ። የንጉሠ ነገሥቱንም ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ፤ በ1887 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተወለዱ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ብዙም ሳይቆዩ ስለ ሞቱ ሕፃኑ ያለ እናት አደጉ።

በሚቀጥለው ዓመት የኢጣልያ ጦርነት መጣ። ዐፄ ምኒልክ የሸዋን ጦር ወረኢሉ ላይ እንዲከት ባዘዙ ጊዜ የወሎ ፈረሰኛ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ራስ ሚካኤል በኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባ አላጌ ከራስ መኰንን ጋር ተዋጉ። በየካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ደግሞ ፈረሰኞቻቸው ስማቸውን አተሙ። ጄኔራል ዳቦርሚዳ ብርጌዱን ይዞ ወገኖቹን ለመርዳት ሲል መንገድ ስቶ ከሌላው ጦር ተለይቶ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባ። በዚያም ተከቦ ወደ ኋላ መሸሽ ሲጀምር የራስ ሚካኤል ፈረሰኛ ደረሰበት። ጄኔራሉም እዚያው ሞተ። ከመድፍ ጋር የመጣ ጦር ሰልፉ ከፈረሰ በኋላ ከፈረስ ሊያመልጥ አልቻለም። የጉግስ ሜዳ ትምህርት፤ ማባረር፤ መዞር፤ እንደገና መምታት፤ በዚያ ቀን እውነተኛ ሆነ።

ከዓድዋ በኋላ ዕድል ፊቷን ወደ ደሴ አዞረች። በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት 23 ቀን ራስ ሚካኤል ደሴ ላይ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የሸዋ መኳንንት ይህን በጥርጣሬ አዩት። ልጅ ኢያሱም በወጣትነታቸው ምክር የማይሰሙ ሆኑ፤ ለእስላሞች ማድላታቸው ተወራ፤ የውጭ መንግሥታትም በዓለም ጦርነት ጊዜ ከቱርክ ጋር ወዳጅነት ፈጥረዋል ብለው ከሰሷቸው። በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሻሩ፤ ወይዘሮ ዘውዲቱ ነገሡ፤ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ።

ንጉሥ ሚካኤል እንግዲህ ምን ያድርጉ? ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል። የተሻረው ልጃቸው ነው። በሌላው ወገን የቆሙት ራስ ተፈሪም ባዕድ አይደሉም፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የወይዘሮ ስሂን ልጅ ናቸው። ስለዚህ ሽማግሌው ቢያሸንፉ የልጅ ልጃቸውን ባል፤ ቢሸነፉ ልጃቸውንና ዙፋናቸውን ያጣሉ። ልጃቸውን መረጡ። ብዙ ሺህ ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ወረዱ፤ መንዝ ውስጥ ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ራሱም በዚያ ሞቱ።

ከዚህ ድል በኋላ ወደ አዲስ አበባ በፍጥነት ቢገሠግሡ ኖሮ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የወዳጅነት ቃል እየላኩ እንዳዘገዩዋቸው ይነገራል። አባ መቻል ጊዜ ሲገዙ አባ ሻንቆ ቆሙ። በዚህ መካከል የሸዋ ጦር ተሰበሰበ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ሲጋጠሙ የወሎ ፈረሰኛ እንደ ልማዱ በሽምጥ ወጣ። ዓድዋ ላይ ያገኘው የተፈታ ሰልፍ ነበር፤ ሰገሌ ላይ ያገኘው ግን ቦታውን የያዘ ጠመንጃና መትረየስ ነው። ፈረስ የቱንም ያህል ቢገራ ጥይትን አይዞርም። ሜዳው በሰውና በፈረስ ሬሳ ተሸፈነ፤ ከዓድዋ ወዲህ እንዲህ ያለ እልቂት አልታየም ነበር፤ የወደቁትም በሁለቱም በኩል ኢትዮጵያውያን ናቸው። ልጅ ኢያሱ በሰዓቱ አልደረሱላቸውም። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የድል ሰልፍ በአዲስ አበባ ተደረገ። የሸዋ ፈረሰኛ ባጌጠ ፈረስ ላይ ሆኖ በንግሥት ዘውዲቱ ፊት እየፎከረ አለፈ። ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ታስረው በእግራቸው ሄዱ። በኋላ ዘመን በጕዞ መጻሕፍቱ የታወቀው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ያን ጊዜ የእንግሊዝ ሚኒስትር ልጅ ሆኖ በአዲስ አበባ ይኖር ነበር፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ያየውን ያንን ሰልፍ እስኪሸመግል አልረሳውም።

ንጉሥ ሚካኤል ሁለት ዓመት ያህል በእስር ቆይተው በ1910 ዓ.ም. መጨረሻ ዐረፉ። ልጅ ኢያሱ ለብዙ ጊዜ በበረሃ ሲንከራተቱ ቆይተው በ1913 ዓ.ም. ተይዘው ታሰሩ። የልጅ ልጃቸው ወይዘሮ መነን ግን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ዘውድ ጭነው እቴጌ ሆኑ፤ የአባ ሻንቆም ደም በዚህ በኩል ወደ ቤተ መንግሥት ተመለሰ።