ሰር ጆርጅ ቢትሰን፦ ጡት የሚታዘዝለትን ዕጢ የፈለገ ሐኪም

በአርሲ ነገሌ ዙሪያ ላሙን የሚያልብ ገበሬ አስቀድሞ ጥጃዋን ያስጠባል፤ ላሚቱ ካረገዘች በኋላ ወተቷ እየቀነሰ እንደሚነጥፍም ያውቃል። ጡት ከሌላው የአካል ክፍል ትእዛዝ እንደሚቀበል ይህ የከብት አርቢ ዕውቀት ይመሰክራል። ከዚሁ መሰል ዕውቀት ተነሥቶ ለካንሰር ሕክምና አዲስ መንገድ የከፈተው የእስኮትላንዱ ቀዶ ሐኪም ሰር ጆርጅ ቶማስ ቢትሰን ነው።

ቢትሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1848 በሴሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ ተወለደ። በካምብሪጅና በኤዲንብራ ተማረ። በ1876 በምዕራብ እስኮትላንድ አንድ ሕመምተኛ ሲያስታምም፣ በአጠገቡ በነበረው የበግ እርባታ ግልገሎች ከጡት ሲለዩ ተመለከተ። ነገሩ ስላሳሰበው ስለ ወተት አመነጫጨት የመመረቂያ ጽሑፉን አዘጋጅቶ በ1878 አቀረበ። በአውስትራሊያ ገበሬዎች የወለደችን ላም የእንቁላል ዕጢ አውጥተው የወተቷን ጊዜ እንደሚያራዝሙም ተረዳ። በዚህ ምክንያት ጡትና የእንቁላል ዕጢ ተራርቀው ሳለ የተሳሰሩ መሆናቸውን አመነ፤ ሆርሞን የሚለው ቃል ግን ገና አልተፈጠረም ነበር።

በሰኔ 1895 በግላስጎው፣ ካንሰሩ ከቀዶ ሕክምና አቅም ላለፈባት የ33 ዓመት ሴት የእንቁላል ዕጢዎቿን አወጣላት። ከስምንት ወር በኋላ እባጩ ጠፋ፤ ውጤቱንም በ1896 አሳተመ። ሴትዮዋ በበሽታው የሞተችው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሌሎች ሐኪሞች ዘዴውን ሲከተሉ የተጠቀሙት ከሦስት ሴቶች አንዷ ያህል ብቻ ሆኑ። ቢትሰን የዚህን ምክንያት ሳያውቅ በ1933 ዐረፈ።

መልሱ የተገኘው በቺካጎ ኤልውድ ጄንሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ ባደረገው ምርምር ነው። ኤስትሮጅን የሚሠራው በሕዋሱ ውስጥ ሪሴፕተር የሚባል ተቀባይ ሲያገኝ ነው። ተቀባይ የሌለው እባጭ የዕጢው መውጣት አይነካውም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2014 የታተመ ጥናትም ከእባጮቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ይህ ተቀባይ እንዳላቸው አሳይቷል።

ጤነኛው ጡትስ? በእርሱ ውስጥ ተቀባይ ያላቸው ሕዋሳት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚባዙትም በአብዛኛው እነርሱ ሳይሆኑ መልእክቱን ከእነርሱ የሚቀበሉት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ቢትሰን በተማረባት በኤዲንብራ በ1992 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ የኤስትሮጅን ተቀባይ በወር አበባ ዑደት ሁለተኛ አጋማሽ ይቀንሳል፤ የእርግዝና መከላከያ ክኒን በሚወስዱ ሴቶችም እንዲሁ ዝቅ ይላል። ፕሮጄስትሮንና መሰሎቹ የተቀባዩን መመረት ስለሚገቱ ነው። ሆኖም የተቀባዩ መቀነስ የጡት ማረፍ ማለት አይደለም፤ የሕዋሳቱ መባዛት ይቀጥላልና። በ1996 የ54 ጥናቶች ድምር ውጤት፣ ክኒኑን በመውሰድ ላይ ባሉ ሴቶች የጡት ካንሰር አደጋ በሩብ ያህል ከፍ እንደሚልና ካቆሙ 10 ዓመት ሲሞላ ይህ ጭማሪ እንደሚጠፋ አመልክቷል። ወጣት ሴቶች በበሽታው የሚያዙት በጥቂቱ ስለሆነ፣ ጭማሪው በቁጥር ሲታይ አነስተኛ ነው።

ስለዚህ በአርሲ ነገሌም ሆነ በሌላ ከተማ መርፌና ክኒን የሚሰጥ ባልደረባችን እናትን ማስፈራራት አይገባውም፤ ያልታሰበ እርግዝናም የራሱ አደጋ አለው። ነገር ግን በጡቷ እባጭ እንዳለ ይጠይቅ፤ ካለም ይመርምር፤ የጡት ካንሰር ላለባት ሴት ሆርሞን ያለበትን መከላከያ አይስጥ። የሚሰጠው መድኃኒት በሩቅ ያለውን ጡት እንደሚደርሰው ቢትሰን ከበጎችና ከላሞች ተምሮ አስተምሮናል።